ማሳውን ማን ይይዛል?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ኪሩቤል እጄን ይዞ እየጎተተ ሰፈራችን ወዳለው ኳስ ማሳያ ቤት ወሰደኝ። ጠዋት ያለ ወቅቱ የኅዳር ዝናብ ዘንቦ ነበርና የቤቱ ወለል ጭቃ ሆኖ፣ ባለቤቱም መላ አያጣ፣ ገና ከአውድማ የወጣ የገብስ ገለባ በጆንያ አስመጥቶ ከበሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ሥር ድረስ ጎዝጉዞበታል። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እግሬን ገለባው ላይ ሳሳርፍ ያ እርጥበት የነካው፣ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ ወደ ላይ መጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ይህ ዝናብ ገና ያላጨደ ገበሬ ላይ ምን እንዳደረሰ ነው፤ ቀጥሎ ያሰብኩት የልጅነት ጓደኛዬን ፈንታሁንን ነው። አንድ ልጅ መጥቶ በግራዬ ያለውን ቦታ እያሳየ «ሰው አለው?» ቢለኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው «አለው» አልኩት። ኪሩቤል በቀኜ ሆኖ ገርሞት አየኝ።

ጎረምሳው ሁሉ ይጮሃል። ቢጫ የለበሰው ትንሹ ቡድን ከትልቁ ቡድን ጋር ገጥሞ፣ ሰዎቹ በሙሉ ወደ ራሳቸው ግብ ሰብሰብ ብለው፣ ኳሱን ለባላጋራ ትተው፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ አንድ ላይ ወደ ግራ እያሉ ይጠብቃሉ። ከፊቴ የተቀመጠ ጠጉሩን ያንጨፈረረ ልጅ «እነዚህ ፈሪዎች፣ ሊጫወቱ ነው ሊቆሙ የመጡት?» አለ፤ ቤቱም ሳቀ፤ ኪሩቤልም፣ የገዛ ልጄ፣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨባቸው። ከጎረምሳ ጋር አፍ መካፈት ለእኔ ዕድሜ አይሆንም ብዬ ተውኩት። እንዲህ የሚቆም ቡድን አይቶ የሚያፏጭ ሰው፣ ልጄም ቢሆን፣ ምን እያየ እንደሆነ አላወቀም። ግን ምን ልፍረድ፣ እኔም በእነሱ ዕድሜ አላውቅም ነበር።

እዚሁ ደብረ ታቦር እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የነበረው ሜዳ፣ ሜዳ መባሉ ለወጉ ነው። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ በኩል ያዘነበለ፣ ክረምት ላይ ረግረግ፣ በጋ ላይ ድንጋዩ የሚያገጥ፣ ግቦቹ ቅርፊታቸው ካልተላጠ ባሕር ዛፍ የቆሙ ቦታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሯችንን እየቆነጠጠ፣ አመዳይ ያነጣውን ሣር እየረገጥን፣ ደወል እስኪደወል እንራገጣለን። ያለን ኳስ አንድ ነው፤ ጫማ ሰፊው ደጋግሞ ጠግኖት ቅርጹ የጠፋ፣ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ እንደ ዱባ የሚከብድ። ያንን ኳስ ተሳስቶ በግንባሩ የመታ ልጅ የዚያን ቀን ሒሳብ አይገባውም።

የእኛ ሰፈር ልጆች አጨዋወት አንድ ብቻ ነበር፤ ኳሱ ያለበት ቦታ ሁላችንም አለን። ኳሱ ወደ ጥግ ሲሄድ ሁላችንም ወደ ጥግ፣ ወደ መሃል ሲመጣ ሁላችንም ወደ መሃል፣ እርስ በርሳችን እየተረጋገጥን፣ «አምጣው፣ አምጣው» እየተባባልን። ጀግናችን ሰይድ ነበር፤ አባቱ ገበያ መሃል የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ የማይመስል፣ አፉም ከእግሩ የማይተናነስ ልጅ። ሰይድ እያለልን ግን የላይ ሰፈር ልጆች በተጋጠምን ቁጥር ይቀጠቅጡናል። ኳሱን ከመሃከላችን አሹልከው ሲያወጡት ከኋላችን ማንም የለም፤ ግብ ጠባቂያችን ብቻውን ቆሞ እንደ ተሰደበ ሰው ያየናል። እኛ ደግሞ በየጊዜው ጥፋቱን በእሱ ላይ እንለጥፋለን።

ፈንታሁን ወደ ክፍላችን የመጣው እንዲህ ተዋርደን በከረምንበት ዓመት ነው። ከጉና ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ቀዝቃዛ አገር ለመማር ወርዶ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ነበር፤ ስንቁን፣ በሶውንና ቆሎውን፣ እሁድ እሁድ ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣል። ከእኛ ትንሽ ይበልጣል፤ ክንዱ ረጅም ነው፣ የወንድሙ የነበረ ትከሻው የሰፋ ኮት ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ይሄዳል፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ ስለተቀመጠና አንድ ሰው ስለጎደለን ሜዳ ይዤው ሄድኩ። ምን ያደርጋል፣ ኳስ መምታት አያውቅም፤ ሲመታ ኮንጎው ከኳሱ ቀድሞ ይሄዳል። ሰይድ እየሳቀ «ይሄን ልጅ ኋላ አቁሙት፣ ቢያንስ ነፋስ ይከልላል» አለና ከግባችን ፊት አቆመው።

ቆሞ አየን። ያን ቀንም እንደ ወጉ ተቀጥቅጠን ሣሩ ላይ ተዘርግተን ስንወቃቀስ፣ ፈንታሁን ኮቱን እያራገፈ፣ ማንንም ሊነቅፍ ሳይሆን ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «ሁላችሁም ኳሱ ጋ ከሄዳችሁ ማሳውን ማን ይይዛል?» አለ። እንዴት እንደሳቅን! ለብዙ ጊዜ «ማሳው» እያልን ጠራነው። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ጥያቄው አብሮኝ ሄደ፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት።

በእነሱ አገር ገብስ የሚታጨደው በደቦ ነው አለኝ። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ማጭዱን ይዞ፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ረድፍ ይቆማል፤ አውራጁ ድምፁን ሲያወጣ ሁሉም እኩል ጎንበስ፣ እኩል ወደ ፊት። ፈጣኑ ቀድሞ አይወጣም፤ ከወጣ በጎኑ ያለው እህል ሳይታጨድ ይቀራል፣ የራሱም እግር ከኋላው ለሚመጣው ማጭድ ይጋለጣል። ሰው ውኃ ሊጠጣ ወይም የተቆረጠ ጣቱን ሊያስር ከረድፉ ሲወጣ፣ በግራና በቀኙ ያሉት ሳይነገራቸው ጠጋ ብለው ድርሻውን ለሁለት ይካፈሉለታል፤ ሲመለስ ደግሞ ፈቀቅ ብለው ቦታውን ይለቁለታል። ማንም አጫጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እህሉን አይደለም፣ በግራው ያለውን ሰው ነው፤ ማጭዱ የሚወረወረው ወደዚያ ነውና። ፈንታሁን ይህን ሁሉ የነገረኝ ኳስ ሊያስተምረኝ አልነበረም፤ ስለጠየቅሁት ነው።

ለቀልድ ያህል ሞከርነው። አራት ሆነን ከግባችን ፊት በረድፍ ቆምን፤ ፈንታሁን መሃል፣ እኔ በቀኙ። እሱ አንድ እርምጃ ሲሄድ አንድ እርምጃ እሄዳለሁ፣ ሲያፈገፍግ አፈገፍጋለሁ፤ ኳሱ ወደ እኔ ሲመጣ ልቤ ዘልሎ ሊነጥቀው ሲቃጣ «ተው፣ ግራህን እይ» ይለኛል። አቤት ያ «ግራህን እይ» እንዴት እንዳስመረረኝ! ኳሱ እዚያ፣ ዓይኔ እዚህ። አሰልቺ ነበር፤ አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ ከአሰልቺም አሰልቺ ነበር። ከሁሉ የባሰው ቅጣት የደረሰው ግን ለሰይድ ነው፤ ፈንታሁን «አንተ እዚያ ወዲያ ሂድና ቁም፣ ሁሉም ወደ እኛ ሲመጡ ቤታቸው ባዶ ይሆናል» ብሎ መሃል ሜዳ ላይ ብቻውን ተወው። ያ እሳት የሆነ ልጅ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ በብርድ እየተንዘፈዘፈ፣ አባቱ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እንደሚጠብቁት ኳስ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሲሰድበን ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል።

ሆኖም መሸነፍ አቆምን። ቀስ ብሎ ነው የገባን፤ የላይ ሰፈር ልጆች ኳሱን ይዘው ይመጣሉ፣ ይመጣሉ፣ ይመጣሉ፣ ግን መግቢያ የለም። ይበሳጫሉ። ኋላ የነበሩትም «እኛ እናሳያችሁ» እያሉ ቦታቸውን ትተው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ፈንታሁን ያችን በስንት መከራ የለመዳትን አንዲት ረጅም ምት ይልካታል፣ ሰይድም ይነሳል። ያኔ ሜዳው ድንገት ሲሰፋ፣ አንድ ልጅ ብቻውን በዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ ሲበር ማየት ደረት ያስጨንቅ ነበር። ሰይድም ወዲያው ስድቡን ተወ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነገር መጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፈንታሁን አባት አያ ታከለ አጨዳ ሲደርስ ልጃቸውን ወደ ጉና ወስደውት፣ ብዙ ቀን ስለቀረ ከክፍሉ ተሰርዞ፣ ትምህርቱን ከእንደገና እየጀመረ ነበር። አሁን ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ወደ ቆላ ለሥራ ወርዶ አልተመለሰም፤ አያ ታከለም ወገባቸውን ታመዋል። ዝናቡ ቀድሞ ስላቆመ የአገሩ ገብስ ሁሉ እኩል ደርሶ ሁሉም በየራሱ ማሳ ተጠምዷል፤ ደቦ ብለው ቢጠሩ የሚመጣ ሰው የለም። ገብሱ ደርቆ ሊረግፍ ነው። አርብ ዕለት ለገበያ የወረደ ጎረቤታቸው «አባትህ ነገ ይመጣሉ፣ ልብስህን ሰብስበህ ጠብቅ» የሚል መልእክት አመጣለት። ሁለተኛ ከተሰረዘ ደግሞ እንደማይመልሱት ፈንታሁንም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ያ ነገ የተባለው ቅዳሜ ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር ከገና በፊት የመጨረሻውን ጨዋታ የያዝንበት ቀን ነበር።

ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ሜዳው ዳር አስቀመጠና ገባ። የላይ ሰፈር ልጆች በዚያ ቀን የመጡት ሊፈጁን ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ በሙሉ በእኛ በኩል ተጫወቱ፤ ተመልካቹም፣ ከገበያ የሚመለሰውም ጭምር፣ «ፈሪዎች! ውጡ!» ይለናል። የእኔ ዓይን ግን ፈንታሁን ላይ ነው። ፊቱ ላይ ስለ አባቱ የሚያስብ ሰው ምልክት አልነበረም፤ ወይም ነበረ፣ እኔ አላየሁትም።

እረፍት ላይ አያ ታከለ በቅሎ እየሳቡ ደረሱ። አጠር ያሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ፣ ወገባቸው ስላመማቸው ዱላቸውን የተደገፉ ሰው ናቸው። ሰላምታም ሳያበዙ «በል ልብስህን ያዝና እንሂድ፣ ፀሐይዋ ሳትቆለቁል» አሉት። ፈንታሁን ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ኮንጎውን እየረገጠ «አባ፣ ረድፍ ላይ ነኝ» አለ። አያ ታከለ እሱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ሜዳውን አዩ፤ ምን ዓይነት ረድፍ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ረድፍ ላይ ያለ ሰው ተጠርቶ እንደማይወጣ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። በቅሏቸውን አንዱ ባሕር ዛፍ ላይ አሰሩና ቆሙ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ እኔ ድንጋይ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተሰነጠቀ። ደሙ ሲፈስ ግብ ጠባቂያችን «ውጣና እሰረው» አለኝ፤ እያነከስኩ ወጥቼ አያ ታከለ እግር ሥር ተቀመጥኩ። እሳቸውም ከጋቢያቸው ዘርፍ ቀደው ጉልበቴን ያስሩልኝ ጀመር። እዚያ ሆኜ ነው ሕይወቴን ሙሉ የማልረሳውን ነገር ያየሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ረድፉን ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ የወጣሁበት ቦታ የለም! ፈንታሁን ግማሹን፣ በቀኜ የነበረው ልጅ ግማሹን ወስዶ፣ ሦስቱ የአራት ሰው ቦታ ይዘው ይሄዳሉ። ላይ ሰፈሮች ወደ ቀኝ ሲመጡ ረድፉ ወደ ቀኝ ይፈስሳል፣ ወደ ግራ ሲዞሩ ከመዞራቸው በፊት ረድፉ እዚያ ደርሷል። ማንም አይጮህም፣ ማንም አያዝዝም፣ ማንም ብቻውን ጎበዝ አይሆንም። እኔ ያን ስብርባሪ የልጅ ቡድን አይቼ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ።

አያ ታከለም እጃቸው ጉልበቴ ላይ ቆመ። ረድፉን ሲያዩ ቆዩና «ይህንን ማን አስተማራችሁ?» አሉኝ። «ልጅዎት» አልኳቸው። ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉልኝና ቀና አሉ። ትንሽ ቆይቶ ላይ ሰፈሮች በአንድ ላይ ሲመጡ ድንገት የአያ ታከለ ድምፅ ከራሴ በላይ ወጣ፤ «ጠጋ በል! ቀስ! ቀስ! እኩል!» እያለ፣ በዜማ የተጎተተ፣ ተራራ ለተራራ የሚሰማ የአውራጅ ድምፅ። ሜዳው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ፈንታሁን ግን አልዞረም፤ ትከሻው ብቻ ዝቅ ሲል አየሁት፣ ተሸክሞት የዋለውን ነገር መሬት እንዳወረደ ሰው።

እያነከስኩ ተመለስኩ፤ ፈቀቅ ብለው ቦታዬን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ለስንትና ስንት ሰው አውርቼዋለሁ፤ ላይ ሰፈሮች ተናደው ሁሉም ቦታቸውን ትተው መምጣታቸውን፣ ፈንታሁን ኳሱን ከአጥቂያቸው እግር ቀስ አድርጎ መውሰዱን፣ ረጅሟን ምት መላኩን፣ ሰይድ ግብ ጠባቂውን አልፎ ማግባቱን። አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልነገርኩም፤ እኔ ያንን ግብ አላየሁትም። ኳሱ ሲነሳ እንደለመደብኝ ግራዬን እያየሁ ነበር። ያየሁት ፈንታሁን፣ የላከው ኳስ የት እንደደረሰ ሳይሆን፣ አባቱን ሲያይ ነው። ከሰይድ ግብ ይልቅ ያ አተያዩ ይበልጥብኛል።

አሸንፈን ስንጨፍር አያ ታከለ በቅሏቸውን ፈትተው መጡ። ልጃቸውን ራሱን ዳሰስ አድርገው «እኔስ አየሁ፤ ገብሱ ግን አላየም» አሉ። ጭፈራችን ሞተ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ዓይናቸው ራሱ እንባ አቅሯል፤ ግን እህል ከረገፈ ዓመቱን ሙሉ ምን ይበላል? ፈንታሁን ከረጢቱን አነሳ። ያን ጊዜ ሰይድ፣ ያ አፈ ጮሌ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ «አያ፣ እኛ መጥተን ብናጭድስ?» አላቸው።

አያ ታከለ ሳቁ። የከተማ ልጅ ማጭድ ሲይዝ ታያቸው መሰለኝ። «ነገ እንምጣ» ቢላቸው «እኛ አገር ቅዳሜና እሁድ ማጭድ አይነሳም» አሉ፤ «ሰኞ» ቢላቸው «ሰኞ ትምህርት የላችሁም?» አሉ። ሰይድም ወደ እኛ ዞሮ «አንድ ሰው ብዙ ቀን ሲቀር ነው የሚሰርዙት። ሁላችንም አንድ ቀን ብንቀር ማንን ይሰርዛሉ?» አለ። ነገሩ ገባኝ። አንዱ ሲወጣ ድርሻውን ለሁሉ መካፈል ነው፤ እንዲያውም ስንማረው የከረምነው ይህንኑ ነበር። አያ ታከለም «እንግዲያስ ሰኞ» ብለው በቅሏቸውን እየሳቡ ብቻቸውን ሄዱ፤ ፈንታሁን ከረጢቱን መልሶ አስቀመጠ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለወላጆቻችን አንድ አንድ ውሸት ነግረን ተነሳን፤ ወደ ጉና የሚወስደው አቀበት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰኞ ጠዋት አመዳዩ ሳይቀልጥ ማጭድ ታደለን። ማሳው ገደል የሚያህል ተዳፋት ነው፤ የእኛ የትምህርት ቤት ሜዳ ከእሱ ጋር ሲተያይ ለጥ ያለ ነው። አያ ታከለ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ዳር ቆመው ዜማውን አወረዱ፤ እኛ ተቀበልን። እጃችን ተላጠ፣ ወገባችን ተቆረጠ፣ ሰይድ ገብሱን ከነሥሩ እየነቀለ አሳቀን፤ ረድፉ ግን አልተበጠሰም። ጾም ስለነበር እናቱ ድንችና ሽሮ አቀረቡልን፤ ሰይድም ከአንድ ገበታ አብሮን በላ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ማሳው ጫፍ ደርሰን ቀና ብለን ወደ ኋላ ስናይ፣ ያ ሁሉ ቆሞ የነበረ ወርቅማ ተዳፋት ነዶ ነዶ ሆኖ ተጋድሟል። እጄን ሳሸት ገለባ ገለባ ይለኝ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ከወለሉ የመጣብኝም ይኸው ሽታ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትምህርት ቤት ደረስን። መምህራችን ሁላችንንም ጠጠር ላይ በረድፍ አንበርክኮን እስከ ምሳ ሰዓት አቆየን፤ ፈንታሁን በግራዬ ነበር፤ ሳቅ እያፈነ ትከሻዬን ይገፋኛል። ማንም አልተሰረዘም።

ፈንታሁን ትምህርቱን ጨርሶ፣ የግብርና ባለሙያ ሆኖ፣ ከተማ አልፈልግም ብሎ ወደዚያው ወደ ጉና ሥር ተመለሰ። እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር ቀረሁ፣ ሰይድ ወረታ ላይ ሱቅ ከፈተ። አያ ታከለን የቀበርናቸው ጊዜ ሦስታችንም ነበርን። ከሁለት ዓመት በፊት ፈንታሁን ታመመና ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኛ፤ ከሰይድ ጋር ልንጠይቀው ስንሄድ ያ ረጅም ክንዱ አንሶላው ላይ እንጨት ሆኗል። ማዘናችንን አይቶ በዚያው በማይጮህ ድምፁ «ምን ሆናችሁ? ውኃ ልጠጣ ነው የወጣሁት፤ እስክመለስ ጠጋ በሉ» አለን። ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። አልተመለሰም። ሜዳው ዛሬ ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፣ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ለእሱ ብዙም አላዝንም፣ ድሮም ድንጋይ ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ከብዙ ጎበዝ ሰው ጋር ሠርቻለሁ፤ ብወድቅ ቦታዬን ሳይነገረው የሚይዝልኝ፣ ስነሳ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚለቅልኝ ሰው በግራዬ ቆሞ አያውቅም። እኔ እንደሆንኩ «ጠጋ በሉ» ያለንን አልፈጸምኩም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቦታውን ክፍት አድርጌ እጠብቃለሁ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ያ ጠጉሩን ያንጨፈረረው ልጅ አግዳሚ ላይ ወጥቶ ይዘላል፤ የሚጨፍረው ያ ሲሰድበው የዋለው ቢጫ ለባሽ ቡድን ስላገባ ነው። ኪሩቤል ትከሻዬን እየነቀነቀ «አባዬ፣ አየኸው? እንዴት አድርገው አወጡት! አየኸው አይደል?» ይለኛል። አላየሁትም፤ ወደ ግራዬ ዞሬ ነበር። እንዳላየሁት ስነግረው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከቀኜ ተነስቶ በእግሬ በኩል ተሻገረና፣ ከኋላ ቆሞ ኳሱን ከነጠቀው ተከላካይ ጀምሮ ሊተርክልኝ በግራዬ ካለው ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጠ። «ሰው አለው» ልለው ከአፌ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት።